የአቶ ምትኩ ሦስት ምስክሮች

(ደብረ ማርቆስ፤ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ያለች የሥነ ልቦና ምክር ቢሮ፤ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛው አቶ ምትኩ ጠዋት አምጥተው የተዉት መጠይቅ በባለሙያዋ በፌቨን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል።)

ምትኩ፦ አንድ ወረቀት ነው እኮ የጠየቅኩዎት ዶክተር! ግማሽ ገጽ ትበቃኛለች። «አቶ ምትኩ እንዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው» ብለው ጽፈው ማኅተም ቢያሳርፉበት ምን ይጎድልብዎታል?

ፌቨን፦ ጋሽ ምትኩ፣ ዶክተር አይደለሁም ብዬ ስንት ጊዜ ልንገርዎ? ደግሞ በዚህ መጠይቅ ስለ እርስዎ አንዲት መስመር መጻፍ አልችልም።

ምትኩ፦ ለምን? ሁለት መቶ አርባውም ጥያቄ ተመልሷል። መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ የተሟላ ፎርም አይቼ አውቃለሁ።

ፌቨን፦ ከአንዷ በቀር ተሟልቷል። እንዲያውም ከልክ በላይ ነው የተሟላው። ይኸ ምንድን ነው?

ምትኩ፦ የቱ?

ፌቨን፦ በየገጹ ግርጌ ያለው። ሦስት ፊርማ። ከጎኑ ደግሞ ክብ ማኅተም። «መረዳጃ ዕድር» ይላል።

ምትኩ፦ ምስክሮቼ ናቸዋ።

ፌቨን፦ የምን ምስክሮች?

ምትኩ፦ የእኔ። አቶ ዘርጋው የዕድራችን ሊቀ መንበር ነው። ወይዘሮ የሺመቤት የቢሮ አለቃዬ ናቸው። ሦስተኛው አናጢው አየለ ነው፤ አጥር ለአጥር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረናል። ከእነሱ የተሻለ የሚያውቀኝ ሰው በዚህ ከተማ የለም።

ፌቨን፦ መጠይቁን እነሱ ናቸው የሞሉት?

ምትኩ፦ ታዲያ ማን ይሙላው?

ፌቨን፦ እርስዎ!

ምትኩ፦ እኔ? ስለ ራሴ? ሰው እንዴት ተደርጎ ስለ ራሱ ይመሰክራል? መታወቂያ ሲጠፋብዎት ቀበሌ ሄደው «እኔ እኔ ነኝ» ቢሉ ማን ይሰማዎታል? ሦስት ሰው ይዘው ይቀርባሉ። ሦስቱ «እናውቃታለን፣ እሷው ናት» ብለው ይፈርማሉ፣ አለቀ። እርስዎም የሰጡኝ ማን እንደሆንኩ ለማወቅ ነው ብለው ነው። እኔ በማውቀው መንገድ አስጨረስኩት።

ፌቨን፦ ጥፋቱ የእኔ ነው። ወረቀቱን ወደ ቤት መስጠት አልነበረብኝም። እዚህ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠው ስድስት ጥያቄ ብቻ ሲመልሱ አሳዘኑኝ።

ምትኩ፦ ስድስቱንም መልሼ ሰርዣለሁ።

ፌቨን፦ አይቻለሁ። በሉ እስኪ ይንገሩኝ፤ እንዴት ነበር የሞሉት?

ምትኩ፦ በሥርዓት ነው። እሑድ ከዕድር ስብሰባ በኋላ ተቀመጡ። ዘርጋው እያነበበ ምልክት ያደርጋል፤ ይመካከራሉ፤ ካልተስማሙ በድምፅ ብልጫ ይያዛል። «ብዙ ጊዜ እናደዳለሁ» የሚለው በሙሉ ድምፅ ሐሰት። «ሰው ሳያየኝ አለቅሳለሁ» ሲባል አየለ ሳቀ፤ ሐሰት።

ፌቨን፦ እርስዎስ በዚያን ጊዜ ምን ያደርጉ ነበር?

ምትኩ፦ ወንበር አቀረብኩላቸው። ከዚያ ለስላሳ ላመጣላቸው ወጣሁ።

ፌቨን፦ እሺ፣ ውጤቱን ልንገርዎ? በዚህ ወረቀት መሠረት እርስዎ ተናደው አያውቁም። ቀንተው፣ ሰንፈው፣ ሰው ታዝበው አያውቁም። በሕይወትዎ አንድም ቀን ከፍቶዎት አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው የት ነው የሚገኘው መሰልዎት? ቀብር ላይ በሚነበብ የሕይወት ታሪክ ውስጥ።

ምትኩ፦ እሱን እኮ ዘርጋው ነው የሚጽፈው። የሠፈሩን ሟች ሁሉ የሕይወት ታሪክ የሚያዘጋጅ እሱ ነው። እጁ ለምዶ ይሆናል።

ፌቨን፦ አይሳቁ ጋሽ ምትኩ።

ምትኩ፦ አልሳቅኩም። ምን ሊያስቀኝ? እባክዎ፣ የሟችም ቢሆን ይጻፉልኝ! ያለውን ይጻፉልኝና ልሂድ። ጊዜ የለኝም። ስንዱ ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትሄዳለች።

ፌቨን፦ ወይዘሮ ስንዱ? ባለቤትዎ?

ምትኩ፦ ባሕር ዳር፤ ወንድሟ ጋ። ጠቅልላ ነው የምትሄደው። ሻንጣዋ መተላለፊያው ላይ ቆሟል፤ ሳምንት ሙሉ እየተደናቀፍኩበት እገባለሁ።

ፌቨን፦ ይህን ለምን እስካሁን አልነገሩኝም? ሦስት ጊዜ መጥተዋል። በመጡ ቁጥር «ራሴን ማወቅ ፈልጌ ነው» ብቻ ነው ያሉኝ።

ምትኩ፦ እውነቴን ነው እኮ። እሱን ነው ያዘዘችኝ። ከወር በፊት እራት እየበላን «ምትኩ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለችኝ። እንዲሁ በድንገት።

ፌቨን፦ ምን መለሱላት?

ምትኩ፦ «እንደ ተመቸሽ» አልኳት።

ፌቨን፦ ወይኔ!

ምትኩ፦ ምን ልበላት ታዲያ? ያለ ፈቃዷ ላስቀራት ነው? ሳህኑን አነሳች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሃያ ሁለት ዓመት ከማን ጋር እንደኖርኩ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። ጥቅምት ሃያ እሄዳለሁ። እስከዚያ ማን እንደሆንክ ካወቅህ ንገረኝ» አለችኝ። ነገ ጥቅምት ሃያ ነው። አሁን ገባዎት? ማታ ይዤላት የምገባው ወረቀት ነው የቸገረኝ። ማን እንደሆንኩ የሚናገር፣ ፊርማና ማኅተም ያለው። ወረቀት ታምናለች፤ የእኔን አፍ ግን አታምንም።

ፌቨን፦ አፍዎ ምን ብሎ ያውቃልና ታምነው?

ምትኩ፦ አይጨክኑብኝ።

ፌቨን፦ ይቅርታ። ትንሽ ይረጋጉ። ሻይ ልቅዳልዎ፤ ፔርሙዝ ውስጥ አለ። ስኳር ስንት ላድርግልዎ?

ምትኩ፦ ያለውን።

ፌቨን፦ ስንት እንደሚወዱ ነው የጠየቅኩዎት።

ምትኩ፦ እንደ ተመቸዎት። አይቸገሩ።

ፌቨን፦ ይኸው፤ ሦስት ማንኪያ አደረግኩበት።

ምትኩ፦ እግዜር ይስጥልኝ።

ፌቨን፦ ፊትዎን ግን አጨማደዱት።

ምትኩ፦ ማን? እኔ? ኧረ ጥሩ ነው።

ፌቨን፦ ጣፋጭ አይወዱም?

ምትኩ፦ ምን ችግር አለው፣ ይጠጣል።

ፌቨን፦ ይወዳሉ ወይስ አይወዱም?

ምትኩ፦ ዶክተር፣ ሚስቴ ልትሄድ ነው፤ እርስዎ ስለ ስኳር ያደርቁኛል!

ፌቨን፦ ይኸው ተናደዱ! ዘርጋው «ሐሰት» ያለውን አንዱን ሰረዝን። አሁን ይመልሱልኝ። ይወዳሉ?

ምትኩ፦ አልወድም።

ፌቨን፦ ምን አሉኝ?

ምትኩ፦ አልወድም! ከልጅነቴ ጀምሮ ስኳር አልወድም፤ ያቅለሸልሸኛል! ሃያ ሁለት ዓመት በየማለዳው ሦስት ማንኪያ አድርጋ ታቀርብልኛለች፤ እጠጣለሁ።

ፌቨን፦ አንድ ቀን እንኳ አልነገሯትም?

ምትኩ፦ የተጋባን ማግስት «ጣፈጠህ?» አለችኝ። ዓይኔን እያየች ነው የጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ልመለስ? በሳምንቱ ብናገር ኖሮ ምናልባት… በዓመቱ ነውር ሆነ። በሃያ ዓመቱማ ስድብ ነው።

ፌቨን፦ ሌላስ ምን አለ እንደ ስኳሩ ያለ?

ምትኩ፦ ይብቃ።

ፌቨን፦ ወረቀቱን ይፈልጉታል አይደል?

ምትኩ፦ …ልጅ አልወለድንም። እግዚአብሔር አልፈቀደም። የዛሬ አሥር ዓመት እህቷ ስትሞት የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ቀረች፤ ፋሲካ ትባላለች። ስንዱ «አምጥተን እናሳድጋት ይሆን?» አለችኝ።

ፌቨን፦ እንዳይሉኝ።

ምትኩ፦ «እንደ ተመቸሽ» አልኳት። እሷ እንዳልፈለግኩ ቆጠረችው። ልጅቷን አጎቷ ወሰዳት። ዶክተር፣ እኔ እኮ በዚያው ሳምንት አየለን ትንሽ አልጋ አሠርቼው ነበር! መደገፊያ ያላት፤ እንዳትወድቅ። ለስንዱ ሳላሳያት ቀረሁ። አሁንም አየለ ዕቃ ቤት ውስጥ አለች፤ ሚስማር ያስቀምጥባታል።

ፌቨን፦ አየለ ያውቃል ማለት ነው።

ምትኩ፦ ያውቃል። እሑድ ዕለት «የምመኘውን ነገር ደብቄ አውቃለሁ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ቀና ብሎ አየኝና «እውነት» አለ። ዘርጋው ተቆጣው፤ «ምትኩ ምን ጎድሎበት ይደብቃል» ብሎ። በሁለት ለአንድ ሐሰት ተባለ።

ፌቨን፦ እርስዎ እዚያው ቆመው?

ምትኩ፦ ለስላሳ እየቀዳሁ።

ፌቨን፦ ምነው ታዲያ ዝም አሉ?

ምትኩ፦ ለእኔ ብለው ደክመው፣ የእሑድ ቀናቸውን ሰጥተው፣ እኔ ደግሞ «አይደለም፣ ተሳስታችኋል» ልበላቸው? ይሉኝታ ያዘኝ።

ፌቨን፦ በራስዎ ምርመራ ላይ ይሉኝታ ያዘዎት።

ምትኩ፦ ያዘኝ። ምን ላድርግ? ትናንት ማታ ደግሞ እነሱኑ ሽማግሌ አድርጌ ላክሁባት።

ፌቨን፦ ሦስቱን?

ምትኩ፦ ሦስቱን። ዘርጋው ብዙ ተናገረ አሉ። ሰምታ ሰምታ «እሱ የት አለ?» አለቻቸው።

ፌቨን፦ የት ነበሩ?

ምትኩ፦ አጥሩ ጋ። ውጭ ቆሜ ነበር።

ፌቨን፦ የገዛ ቤትዎ አጥር ጋ?

ምትኩ፦ ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር። እንዲህ ደክሟት ሰምቻት አላውቅም። ልግባ እልና እግሬ አልነሣ ይለኛል። ብገባስ ምን እላለሁ? አፌን ስከፍት የሚወጣው አንድ ነገር ነው። እባክሽ… ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እግርሽ ላይ ልውደቅ፣ አንድ ነገር ጻፊልኝ!

ፌቨን፦ ይነሡ! ጋሽ ምትኩ፣ በእመቤቴ ይነሡ፤ ከአባቴ እኩል ነዎት፣ እንዲህ አይሁኑብኝ።

ምትኩ፦ የከተማው ሰው ሁሉ ፋይል በእጄ ነው። የማንም ስም ቢጠራ ዓይኔን ጨፍኜ መደርደሪያውን አሳያለሁ። የራሴን ግን የትም ባስስ የለም። ባዶ ሆኜ እንደሆነስ? ውስጤ ምንም ሰው ባይኖርስ? ያ ከሆነ ንገሪኝና ልረፍ። ልተዋት፣ ትሂድ፣ ዕድሏን ትሞክር።

ፌቨን፦ ባዶ ሰው ላልወለዳት ልጅ አልጋ አያሠራም። ይቀመጡ። አንድ ነገር ላሳይዎ፤ ከጠዋት ጀምሮ እሱ ነው ሲከነክነኝ የዋለው። ሁሉም ምልክት በሰማያዊ ብዕር ነው፤ የዘርጋው እጅ ነው። መቶ ሰባ ሦስተኛዋን ይዩ።

ምትኩ፦ አላየሁትም።

ፌቨን፦ ይዩት እንጂ። በእርሳስ ነው። ተደምስሷል፤ ግን ወረቀቱ ላይ ጠልቆ ቀርቷል። ይህን ማን መለሰው?

ምትኩ፦ …እነሱ «ይህ የማይረባ ጥያቄ ነው» ብለው አለፉት።

ፌቨን፦ ማን መለሰው?

ምትኩ፦ እኔ። ከሄዱ በኋላ ባዶውን ማስረከብ ከበደኝ። በኋላ ደግሞ አፈርኩና ደመሰስኩት።

ፌቨን፦ ያንብቡልኝ።

ምትኩ፦ ዓይኔ አያይልኝም።

ፌቨን፦ መነጽርዎ ግንባርዎ ላይ ነው።

ምትኩ፦ «ብጠፋ፣ ወጥቶ የሚያስሰኝ ሰው አለ።»

ፌቨን፦ መልስዎስ?

ምትኩ፦ ሐሰት።

ፌቨን፦ ከሁለት መቶ አርባ ጥያቄ የእርስዎ ይህች ብቻ ናት። ከየት መጣች?

ምትኩ፦ ከቢቸና። እናቴ ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር። አክስቴ ወሰደችኝ፤ የራሷ ስድስት ልጆች ነበሯት። ክፉ ሴት አልነበረችም። ግን ምግብ ሲቀርብ ልጆቿ «እኔ ይህን፣ እኔ ያን» ይላሉ፤ እኔን «አንተስ?» ስትለኝ «ያለውን» አልኳት። እንዴት ደስ አላት! ለጎረቤት ሁሉ አወራች፤ «ምትኩ እንዴት ያለ ጨዋ ነው፣ አይጠይቅም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ አለመጠየቅ ሆነ። ስሜስ ቢሆን ከእኔ በፊት በሞተው ወንድሜ ምትክ የወጣ አይደል? የመጣሁት የሌላ ሰው ቦታ ልይዝ ነው።

ፌቨን፦ ጠፍተው ያውቃሉ?

ምትኩ፦ አንድ ቀን ጭድ ቤት ገብቼ ተደበቅኩ። ይፈልጉኝ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው። ከጠዋት እስከ ምሽት ጭድ ውስጥ ተኛሁ፤ ዓይኔ አበጠ፤ ሲያስነጥሰኝ አፌን በእጄ እይዛለሁ። ግቢው ውስጥ ይሳሳቃሉ፤ ስሜን የሚጠራ የለም። በመጨረሻ ራበኝና በራሴ ጊዜ ወጣሁ። አክስቴ አየችኝና «ምትኩ፣ ውኃ አቀብለኝ» አለች። አልጠፋሁም ነበር። መጥፋቴን ያወቀ የለማ።

ፌቨን፦ ለስንዱ ይህን ነግረዋታል?

ምትኩ፦ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ምን ብሎ ይነገራል? ልጅ ሆኜ ተደበቅኩ፣ አልተገኘሁም።

ፌቨን፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስንዱ እሄዳለሁ ያለችው መቼ ነው?

ምትኩ፦ አልኩዎት እኮ፤ ከወር በፊት።

ፌቨን፦ ቀኑን ነግራ?

ምትኩ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አውቶቡሱን ሳይቀር።

ፌቨን፦ ሻንጣውንስ የት አለ አሉኝ?

ምትኩ፦ መተላለፊያው ላይ። ከተዘጋጀ ሳምንቱ። መኝታ ቤት አስገቢው እንዳልላት…

ፌቨን፦ ቆራጥ ሆኖ የሚሄድ ሰው ወር ሙሉ ቀን ይቆጥራል? ሻንጣውን ሰው በሚደናቀፍበት ቦታ ያቆማል?

ምትኩ፦ ምን ማለትዎ ነው?

ፌቨን፦ እኔ ምንም አላልኩም። እርስዎ ይንገሩኝ።

ምትኩ፦ …ሽማግሌዎቹን «እሱ የት አለ?» አለቻቸው።

ፌቨን፦ አዎ።

ምትኩ፦ እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ… ወይ ጉዴ! ወይ እኔ ሰውዬ! ስንዱ ጭድ ቤት ገብታለች! ወር ሙሉ ጭድ ቤት ናት፤ እኔ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ! አክስቴን ሆንኩባት እኮ!

ፌቨን፦ ስልክዎ እየጠራ ነው።

ምትኩ፦ እሷ ናት። ስንዱ ናት። አንሺልኝ!

ፌቨን፦ አላነሣም።

ምትኩ፦ ያልኩሽን ሁሉ ንገሪያት! አልጋዋን፣ ጭዱን፣ ስኳሩንም! አንቺ አሳምረሽ ታስረጃታለሽ!

ፌቨን፦ አራተኛ ምስክር አልሆንም ጋሽ ምትኩ።

ምትኩ፦ ይዘጋል! ሊዘጋ ነው!

ፌቨን፦ ያንሡት።

ምትኩ፦ ሄሎ… ስንዱ… ቢሮ… አይ፣ እዚሁ ከተማ ነኝ… መናኸሪያ? ነገ አይደል እንዴ?… እ… የዛሬው ሚኒባስ አንድ ቦታ ተርፎት… እሺ… ቁልፉን አየለ ቤት… እሺ… እራት ምድጃው ላይ ነው፣ እሺ… አዎ፣ ለብርዱ ጋቢ አለኝ… እሺ፣ እሺ…

ፌቨን፦ ጋሽ ምትኩ!

ምትኩ፦ ተሳፍራለች። ሾፌሩ ሞተር አስነሥቷል፤ ይሰማኛል። «የምትለኝ ነገር አለ?» ነው የምትለኝ። አፌ… አፌን ያዘኝ። ወረቀቱን ብትጽፊልኝ ኖሮ አነብላት ነበር!

ፌቨን፦ ስልኩን ከጆሮዎ አያንሡ። በስሟ ይጥሯት፤ መጀመሪያ ስሟን ብቻ።

ምትኩ፦ ስንዱ… ስንዱ! አለሽ? አትዝጊው… ማንም አልላከኝም፣ እኔው ነኝ… ውረጂ። ከመኪናው ውረጂ፣ እየመጣሁ ነው… አይደለም! እንደ ተመቸሽ አይደለም፣ ስንዱ! እኔ አልተመቸኝም!